ልኮ መርሳት

ኮድ የማትጽፉ ሰዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይህ ጽሑፍ የሚጀምረው ከአንዲት ምልክት ነው። ምልክቷ ይቺ ናት፦ &። ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ አንድ ትእዛዝ ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ ይቺን ካስቀመጣችሁ፣ ሼሉ (ትእዛዝ የምንጽፍበት ጥቁሩ መስኮት በሉት) ሥራውን ያስጀምርና እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ወዲያው ወደናንተ ይመለሳል። ሥራው ከጀርባ ይቀጥላል። እናንተ ሌላ ትእዛዝ መጻፍ፣ ቡና መጠጣት፣ ወደ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ብዙ ትእዛዞችን ደርድረን በምናስቀምጥበት ፋይል፣ ስክሪፕት በምንለው ውስጥም እንደዚያው ነው። & ያለበት መስመር ጋ ሲደርስ አስጀምሮ ያልፋል።

ተማሪ እያለሁ ይቺ ምልክት የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ነበረች። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው እያደር ሌላ ጥያቄ የሆነችብኝ፦ አስጀምሬው ዞር ያልኩት ነገር፣ ዞር ካልኩ በኋላ የማን ነው?

የሆነውን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር፤ የብድርና የቁጠባ ሥራ ነው። ሌሊት ሌሊት የሚሮጥ ስክሪፕት ነበረን። ከሰባት ቅርንጫፎች የመጣውን የቀን ክፍያ ያስገባል፣ ያልከፈለ ሰው ላይ ቅጣት ያሰላል፣ ለደንበኞች ቴክስት ይልካል። ሁሉንም ተራ በተራ ስለሚሠራ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አንዳንድ ቀን ቅርንጫፎቹ ሲከፈቱ ገና አላለቀም። አለቃዬ «አሳጥረው» አለኝ።

አሳጠርኩት። ለሰባቱ ቅርንጫፎች ሰባት & አደረግኩ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይሮጣሉ። ጀማሪ ስላልሆንኩ ከሥራቸው ዌይት የሚል ትእዛዝ ጨመርኩ። ከጀርባ ያሉት ሁሉ እስኪያልቁ ጠብቅ ማለት ነው። ሰባቱም በአንድ ጊዜ ሲያወሩ ስክሪኑ ላይ የሚጽፉት ነገር እየተደበላለቀ ስላስቸገረኝ ጽሑፋቸውን ወደ ዴቭ ኑል መራሁት። ዴቭ ኑል የገባበት ነገር የማይወጣበት፣ ሊኑክስ ሆን ብሎ ያስቀመጠው ባዶ ጉድጓድ ነው። መጨረሻ ላይ «ተጠናቋል» የሚል መስመር አለ። አራት ሰዓት የነበረው ወደ ሃምሳ ደቂቃ ወረደ። ተመሰገንኩ። ምሳ ተጋበዝኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ ቅርንጫፍ የሚልከው ፋይል ቅርጽ ተቀየረ፤ አንድ ዓምድ ተጨመረበት። የዚያ ቅርንጫፍ ትእዛዝ ገና ሲጀምር እየወደቀ ነበር። ስድስቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ይወድቃል፣ ዌይት ይጠብቃል፣ «ተጠናቋል» ይጻፋል። ለአሥራ አንድ ሌሊት።

አሥራ አንድ ሌሊት ማለት እንግዲህ፣ ገንዘባቸውን በሰዓቱ የከፈሉ ሰዎች «ክፍያዎ ስለዘገየ ቅጣት ተጨምሮበታል» የሚል ቴክስት ሲደርሳቸው ነው። ይደውላሉ። ስልኩን የምታነሳው ደንበኞች አገልግሎት ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ስክሪኗን ታያለች፤ ስክሪኗ አልከፈሉም ይላል። «አልከፈሉም» ትላለች። ሰውየው ደረሰኙን በእጁ ይዞ ነው የሚሰማት። ትሰደባለች። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ አንድ ደንበኛ በአካል መጥቶ «አመናጭቃኛለች፣ ሌባ ልታደርገኝ ነው» ብሎ አመለከተና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት።

ያቺ ልጅ በአራተኛው ቀን ለኛ ክፍል ጽፋ ነበር። ጽሑፉ እኔ ጋ ነው የደረሰው። «የዚህ ቅርንጫፍ ደንበኞች ከፍለናል እያሉ ነው፣ ብታዩልን» ይላል። ምን ብዬ እንደመለስኩ ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ሲስተሙ ላይ ችግር የለም፤ የሌሊቱ ሥራ በትክክል ተጠናቋል።» ይህን የጻፍኩት አይቼ ነው፤ ውሸት አልነበረም። ያየሁት ግን ራሴ ያስጻፍኩትን «ተጠናቋል» የሚል ቃል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዌይት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት ስለሆነ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ሲያልቅ አንድ ቁጥር ትቶ ይሄዳል። ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ ወድቋል። ዌይት የሚለውን ትእዛዝ ብቻውን ከጻፋችሁት፣ ባሽ በሚባለው ሼል ሁሉንም ይጠብቅና ሁልጊዜ ዜሮ ይመልስላችኋል። ሰባቱም ቢወድቁ ዜሮ ነው። የእያንዳንዱን መጨረሻ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ስታስጀምሩት የተሰጠውን መለያ ቁጥር መያዝ (ባሽ ውስጥ $! ይባላል)፣ ከዚያ ዌይትን በዚያ ቁጥር ነጥላችሁ መጥራት አለባችሁ። ያኔ የዚያ የአንዱን መልስ ይሰጣችኋል።

ስለዚህ ጠብቄያለሁ። አልጠበቅክም የሚለኝ የለም። ግን ሁሉንም ጠብቄ አንዱንም አልጠየቅኩም።

ችግሩን ሳገኘው ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ቅጣቶቹም ተነሱ። ለኃላፊዎች በጻፍኩት ሪፖርት ላይ «የመረጃ መዛባት ተፈጥሮ ነበር» ብዬ አስቀመጥኩ። አማርኛ ለዚህ ዓይነት ነገር እጅግ ምቹ ነው። «ተፈጥሮ ነበር።» ማን እንደፈጠረው ዓረፍተ ነገሩ አይጠይቅም። በሰባት ፊደል ግስ ውስጥ ራሴን ደበቅኩ። የልጅቷ ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ እንዳለ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ስለ ሥነ ምግባርና ዕድል የሚያወራ ጽሑፍ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ይጠቅሳል። ሹፌሩ ጥፋት የለበትም፤ ግን ልጅ መኪናው ሥር ገብቶ ይሞታል። ዊሊያምስ የሚለው በአጭሩ፣ ይህ ሰው ከመንገድ ዳር ቆሞ ካየ ሰው የተለየ ጸጸት ይሰማዋል፤ ባይሰማውና «እኔም እንደ ሌላው ነው ያዘንኩት» ቢል እንታዘበዋለን። እኔን ያሳሰበኝ የዚህ ግልባጭ ነው። ጥፋት እያለብኝ የተመልካች ዓይነት ሐዘን ነበር የተሰማኝ። «አይ፣ ለካ እንዲህ ሆኖ ነው» ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። & የሠራብኝ ሥራ ይኸው ይመስለኛል። በገዛ ሥራዬ ላይ መንገደኛ አደረገኝ።

ሊኑክስ ራሱ ከኔ የበለጠ ጥንቁቅ መሆኑ ነው የሚገርመው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዝምድና በወላጅና በልጅ ቃል ነው የሚጠራው፦ ያስጀመረው ወላጅ፣ የተጀመረው ልጅ። ልጁ አልቆ ወላጁ ገና መጨረሻውን ካልጠየቀ ሲስተሙ ልጁን ሙሉ በሙሉ አይሰርዘውም። ማስታወሻውን ለቀቀ፣ ሥራውን ጨረሰ፣ ግን ስሙ ከዝርዝሩ ላይ አይወጣም። ዞምቢ ይሉታል። ልትገድሉት ብትሞክሩ አይሆንም፣ ሞቷልና። የቀረው አንዲት ቁጥር ናት፣ እንዴት እንዳለቀ የምትናገር፤ ወላጁ መጥቶ እስኪጠይቅ ሲስተሙ ያቺን ይዞ ይቆያል። መጀመሪያ ስማረው እንደ ቴክኒክ ዝርዝር አለፍኩት። አሁን ሳስበው፣ አንድ መሐንዲስ ከሃምሳ ዓመት በፊት ተቀምጦ «የጀመረው ሰው ሳይጠይቅ ይህ ነገር አይረሳም» ብሎ መወሰኑ ልብ ይነካል።

ወላጁ ቀድሞ ከሞተስ? ልጁ እንደ አብዛኛው ጊዜ ወደ ቁጥር አንድ ፕሮሰስ ይዛወራል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጀምረው፣ ወላጅ አልባዎችን ሁሉ የሚያሳድገው እሱ ነው። እሱም ይጠይቃል። ጠይቆ ግን መልሱን ይጥለዋል። ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ይፍቃል፣ በቃ። የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሎችን እንዳታስቡ ብላችሁ እኔ ግን አስቤያለሁ።

በኛ ቋንቋ ለዚህ ጉዳይ የከበደ ቃል አለ፤ አደራ። ግን ልብ በሉ፣ አደራ ስንል ሸክሙ ሁሉ ተቀባዩ ላይ ነው። አደራ የበላ ሰው ስም አለው፤ «አደራ በላ» ይባላል፣ ስሙ ልጁን ሳይቀር ይከተለዋል። አደራ ሰጥቶ፣ ዞሮ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ግን ስም ያለው አይመስለኝም። ሰጪው ሰጠ፣ ጨረሰ። ተቀባዩ ሰው ሲሆን ይህ ያስኬዳል፤ ሰው ኅሊና አለው፣ ያፍራል፣ ጎረቤት ያየዋል። አደራውን የምንሰጠው ለስክሪፕት ሲሆንስ? ስክሪፕት አያፍርም። አደራው የሚያርፍበት ሌላ ትከሻ ስለሌለ ተመልሶ የሰጪው ነው የሚሆነው። ወይም የማንም አይሆንም፣ እና ስልክ የምታነሳ ልጅ ላይ ይወድቃል።

ተቀባዩ ሰው ሲሆንም ቢሆን እናቴ ነገሩን በዚህ መልክ አታየውም ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ዳንግላ አክስቴ ቤት ነው ተቀምጬ የተማርኩት። እናቴ በገበያ ቀን ስትመጣ «ደህና ነው?» ብላ አትጠይቅም። «ሌሊት ያስላል?» ትላለች። «እራት ይጨርሳል?» ደብተሬን ታስመጣለች። ማንበብ አትችልም፤ ገጹን እየገለጠች ቀይ እስክሪብቶ ትቆጥር ነበር። ቀይ ሲበዛ ወደኔ ትዞራለች። አክስቴ አንድ ጊዜ «እኔን አታምኝኝም እንዴ?» ብላ ተቀይማለች። እናቴ «ባላምንሽ መች እሰጥሽ ነበር» አለቻት፤ ደብተሩን ግን አልመለሰችም።

አሁን እናንተ «በየደቂቃው ሁሉን ሲጠይቁ ይኖራል እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። & የተፈጠረችው ሰው ሁሉን መጠበቅ ስለማይችል ነው። ሁሉን ነገር ከፊት አድርጎ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላ ሳይጀምር መኖር አራት ሰዓት የሚፈጀው የድሮው ስክሪፕት መሆን ነው። ከጀርባ መላክ ኃጢአት አይደለም። ይህን ያስተማረኝ ሊኑክስ ሳይሆን ከሰል ነው።

የተወለድኩት ከእንጅባራ (ትልልቆቹ ኮሶበር ይሏታል) ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ ነው። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ግራና ቀኙን የሞላውን ዲከረንስ ሳያይ አይቀርም፤ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፣ ቀጥሎ ሥሩ የበቀለውን ሣር ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል። አዲስ አበባ ጀበናችሁ ሥር የሚነደው ከሰል ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከተማው ራሱ ከጀርባ በሚሠራ ነገር ነው ቡና የሚጠጣው፤ ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ ነው።

ከሰል ማክሰል ማለት እንጨቱን ከምሮ፣ በሣርና በቅጠል ሸፍኖ፣ አፈር አልብሶ፣ እሳት ለኩሶ መተው ነው። መተው ስል፣ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይነዳል፤ ቆሞ የሚሠራ ሥራ የለም። አባቴ ግን ለኩሶ ቤት አይገባም ነበር። ክምሩ አጠገብ ጎጆ ቢጤ ቀልሶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በዚያ በአገራችን ብርድ ያድራል። ዓይኑን ክምሩ ላይ ተክሎ አይደለም፤ ይተኛል፣ እንዲያውም ያንኮራፋል። በየመሐሉ ግን ይነቃል። ጢሱን ያያል። መጀመሪያ ወፍራምና ነጭ ነው፣ የእንጨቱ እርጥበት ስለሚወጣ፤ እያደር ይሳሳል፣ ሰማያዊ ይሆናል። የአፈሩ ልባስ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና እንጨቱ ከሰል መሆኑ ቀርቶ አመድ ይሆናል። በሰዓቱ ከተደረሰበት አንድ አካፋ አፈር ይበቃዋል። ልጅ ሆኜ «ለምን ቤት አትተኛም?» ብዬው «ቤት ሆኜ ቢሰነጠቅ በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

አባቴና እኔ ሁለታችንም ሥራ ከጀርባ ልከን ተኝተናል። እሱ የተኛው ክምሩ ሊቀሰቅሰው ከሚችልበት ቦታ ነው። እኔ ጢሱን ራሱ ወደ ዴቭ ኑል ልኬ ነው የተኛሁት፤ ስላስቸገረኝ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ስክሪፕቱን ሳስተካክል ቢሆን ጥሩ ነበር። ያወቅኩት ግን ስልክ ላይ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ አካባቢ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ከዚያ በፊት ታናሽ እህቴ በቴሌግራም ድምፅም ፎቶም ትልክልኝ ነበር፤ ቀረ። ሊኑክስ ውስጥ ሲግሃፕ የሚባል ምልክት አለ፣ ትርጉሙ «ስልኩ ተዘጋ» እንደማለት ነው። ድሮ ሰዎች ከኮምፒውተሩ ጋር በስልክ መስመር ሲገናኙ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ያስጀመሩት ሥራ ሁሉ ይህን ምልክት ተቀብሎ ይሞት ነበር። ኖሃፕ የተባለው ትእዛዝ የመጣው ለዚያ ነው፦ መስመሩ ቢዘጋም አንተ ቀጥል። የሚጽፈውን ነገር በፋይል ያስቀምጥላችኋል፣ ስትመለሱ እንድታነቡት። ቤተሰቦቼ በኖሃፕ ነበሩ። እኔ ስለማላያቸው አልቆሙም፤ አረሱ፣ አጨዱ፣ ታመሙ፣ ዳኑ። እኔ በየወሩ ብር እልካለሁ፣ መስመር ሲገኝም እደውላለሁ።

ስደውል የምናወራውን ታውቁታላችሁ፤ እናንተም ቤት ያለ ነው። «እማ፣ ሁሉ ሰላም?» «ሁሉ ሰላም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «አባባ ደህና?» «ደህና ነው።» «ከብቱም?» «ደህና፣ ሁሉ ደህና።» ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም በዚሁ ቀጠልን። ያለ ቁጥር የተጠራ ዌይት ነው፤ ሁልጊዜ ዜሮ ይመልሳል። ሰላምታችንን ማቃለሌ አይደለም። በዚያ ርቀት «ሁሉ ሰላም» መባባል በራሱ ፍቅር ነው። ግን ሁሉን በአንድ ቃል ስትጠይቅ የሚመለስልህ መልስ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ እናት ደግሞ ልጇን በከተማ ላለማሳሰብ ስትል ሌላ መልስ አትሰጥም።

የስክሪፕቱ ነገር የሆነ ሰሞን ነው፣ አንድ ማታ ደውዬ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ «የላይኛው ማሳ ዲከረንስ እንዴት ሆነ?» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። «ደርቋል» አለች። በአካባቢው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን እንደ ዝገት ያለ በሽታ ገብቶበታል፤ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነገር ይወጣና ዛፉ ይደርቃል። እንዳለ ሰምቼ ነበር። እኛ ጋ መድረሱን ግን አልሰማሁም። ከደረቀ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አባቴ ክምር አጠገብ ማደር ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። እኔ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ «ሁሉ ሰላም?» እንዳልኩ ቁጠሩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ» አለች። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው እንደ ነገሩ ነው ያለችው።

ልጅቷ ጋ የሄድኩት ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስህተቱ ከተገኘ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። ለአለቃዬ አስቀድሜ በጽሑፍ ነገርኩት፣ በዚህ ጊዜ «ተፈጥሮ ነበር» ሳልል፤ ስሜን ጽፌ፣ ዴቭ ኑሉንም ጽፌ፣ በአራተኛው ቀን የመለስኩላትንም መልስ አባሪ አድርጌ። ደብዳቤው ይነሳላት ብዬ ጠየቅኩ። የተጻፈላት በደንበኛ አያያዝ እንጂ በሲስተሙ ስላልሆነ ጉዳዩ አይገናኝም ተባለ፤ ደግሞም ጊዜው ሲያልፍ ራሱ ይሰረዛል አሉኝ። ቁጥር አንድ ፕሮሰስ።

ለእሷ ስነግራት ጆሮ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳ ሰማችኝ። ይቅርታ አልኩ። «ምን ያደርጋል፣ ሰው ይሳሳታል» አለች። ቆይታ ግን «የጻፍኩልህ ቀን አንዱን ደንበኛ እንኳ ስሙን አስገብተህ ብታይ ኖሮ» አለችኝ። አዎ። አንዱን። አንድ ስም ፈልጎ ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ስልኳ ጠራ፣ ማዳመጫውን መለሰች።

ያንን መሥሪያ ቤት ከለቀቅኩ ቆየሁ። ከመውጣቴ በፊት ስክሪፕቱን እንደገና ጽፌዋለሁ። ሰባቱ አሁንም ከጀርባ በአንድ ላይ ይሮጣሉ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የጽሑፍ ፋይል አላቸው፣ እያንዳንዳቸው በቁጥራቸው ይጠራሉ። አንዱ እንኳ ከወደቀ «ተጠናቋል» አይጻፍም፤ የወደቀው ቅርንጫፍ ስም ይጻፍና ለተረኛው ስልክ ይደወላል። እኔ እስከነበርኩ ድረስ ሁለት ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቅሶኛል።

ቤት ስደውል አሁን ዝርዝር ይዤ ነው። ያስቃል፣ አውቃለሁ፤ ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ። የአባባ ጉልበት። የደረቀው ማሳ ላይ ምን ተዘራ። እህቴ ፊዚክስ ስንት አመጣች። እናቴ መጀመሪያ ግራ ገብቷት «ምን ሆነሃል ልጄ?» ትል ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች፣ በተራ ትመልስልኛለች። ማሳው ላይ ድንች ገብቷል። ጉልበቱ ብርድ ሲሆን ያመዋል፣ ጠበል ሄዶ ተሽሎት ነበር፣ ተመልሷል። ሐኪም ቤት እንዲሄድ ብር ልኬያለሁ፤ መሄዱን ገና አልጠየቅኩም፣ ነገ እደውላለሁ።

ባለፈው እሑድ ዝርዝሬን ጨርሼ ልዘጋ ስል «አንተስ?» አለችኝ።

«ሰላም ነኝ እማ።»

«እሱን አላልኩህም። ትናንት ማታ እራት ምን በላህ?»